ከደሴና ከኮምቦልቻ ቤተሰብ ይዞ ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ፓርክ፦ ስለ ሙሉ ቀን የእግር ጉዞ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጆቻቸውን ይዘው ተራራ መውጣት የሚያስቡ ጎረቤቶችና ዘመዶች ደጋግመው የሚጠይቁኝን፣ ከቀላሉ ጀምሬ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ፓርኩ የት ነው? ከደሴ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስስ ይቻላል?

ፓርኩ እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ ነው። የድሮ ሰው ደንቆሮ ጫካ ብሎ ነው የሚያውቀው። የሚቀርበው ከተማ መካነ ሰላም ነው። ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከኮምቦልቻ ለሚነሳ ደግሞ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ እስኪደርስ ሌላ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ።

ስለዚህ ከልጆች ጋር ደርሶ መልስ አይሆንም። «የሙሉ ቀን ጉዞ» ስል በእግር የምትሄዱበትን ቀን ማለቴ ነው። አንድ ቀን ለመሄጃ፣ አንድ ቀን ለተራራው፣ አንድ ቀን ለመመለሻ ያዙ። ሁለት ሌሊት መካነ ሰላም ማደር ነው። መኪና ውስጥ ሲንገላታ የዋለ ልጅ በማግስቱም ጠዋት ትንሽ ይነጫነጫል። ለዚህም ቦታ ተዉለት።

መንገዱስ ሰላም ነው?

ይህን ጥያቄ እኔ ከደሴ ሆኜ፣ እናንተም ከወር በፊት ጠይቃችሁ የምንመልሰው አይደለም። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን እዚያው ለሚኖር ሰው ደውሉ። በመነሻችሁ ጠዋት ደግሞ መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮችን ጠይቁ። የሁለቱ ወሬ ካልገጠመ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አድርጉት። ልጅ ተይዞ «እስቲ እንሞክረው» አይባልም።

ስንት ዓመት የሆነው ልጅ ይችላል?

በእኔ ልምድ ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በላይ የሆነ፣ ጤነኛ የሆነና መሮጥ የሚወድ ልጅ የሙሉ ቀን ጉዞ ይችላል። አካሄዱ ግን በእሱ ልክ መሆን አለበት። ከዚያ በታች ያለው ሁለት ሦስት ሰዓት ይሄድና ይደክመዋል። እሱን የሚያዝል ሰው ከቤት ሳትወጡ ይታወቅ። መንገድ ላይ «ማን ያዝለው?» ማለት ጠብ ያመጣል።

ሕፃን በአንቀልባ ይዛችሁ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የታዘለ ልጅ አይንቀሳቀስም። እናቱ ዳገት እየወጣች ላብ በላብ ስትሆን እሱ ጀርባዋ ላይ እየቀዘቀዘ ነው። «ሞቆኛልና እሱም ሞቆታል» ብላችሁ አትሸወዱ። በየግማሽ ሰዓቱ እግሩንና አንገቱ ሥር ዳብሱት። አንገቱ ከቀዘቀዘ ቁሙና ጋቢ ጨምሩለት።

አያቶችን በተመለከተ፦ ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይውጡ። እናቴ አብራን መጥታ መካነ ሰላም ቀረች። ማታ ስንመለስ ወጥ ሠርታ ጠበቀችን። ከሁላችንም የተሻለ ሥራ የሠራችው እሷ ነበረች።

የቱ ወቅት ይሻላል?

ከጥቅምት እስከ ጥር። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ መንገዱም ደርቋል። በጥቅምት መጀመሪያ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ለዓይን ይመቻል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ሩቅ ድረስ ያሳያሉ፣ ጠዋት ላይ ግን ውርጭ አለ። ጉጉፍቱን በሌሊት ያለፈ ሰው ያንን ብርድ አይረሳውም። ፓርኩ ላይም እንደዚያው ነው።

የወሎን በልግ አትርሱ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ዝናብ ሊጥል ይችላል። የትንሣኤን እረፍት አስቦ የሚነሳ ሰው የዝናብ ልብስ ሳይዝ እንዳይሄድ።

ልምምድ ያስፈልጋል? የት እንለማመድ?

አዎ። ደግነቱ ተራራ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ደሴ በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል አላት። ኮምቦልቻም ከአናቷ የጎፍ ተራራ አለላት። ከጉዞው በፊት ሦስት ወይም አራት ቅዳሜ ውጡ። መጀመሪያ ሁለት ሰዓት፣ ቀጥሎ ሦስት፣ በመጨረሻ ግማሽ ቀን። ጫማውም ልጁም ወላጁም እዚያ ይፈተናሉ።

እኛ ጦሳን ስንወጣ የተማርነው ትልቁ ነገር ሰልፍ ነው። መጀመሪያ ላይ ትልቁ ልጄ ከፊት እየሮጠ፣ ትንሿ ከኋላ እያለቀሰች ነበር የምንሄደው። በሦስተኛው ቅዳሜ ትንሿን ከፊት አደረግናት። እሷ በሄደችበት ፍጥነት ሁላችንም ሄድን። ለቅሶውም እዚያው ቆመ። ከዚያ በኋላ ደንባችን ይኸው ነው፦ ትንሹ ከፊት፣ ጉልበተኛው ከኋላ።

በእግር ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ለሒሳቡ የምጠቀምበት አሮጌ ዘዴ አለ። ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ነው። ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ይዛችሁ፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ትጨምራላችሁ። ይህ ግን ለጠንካራ ጎልማሳ ነው። ልጅ ካለ በግማሽ ያህል አስረዝሙት።

ለምሳሌ ደርሶ መልሱ 12 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ 600 ሜትር ይሁን። ለጎልማሳ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይመጣል። ከልጆች ጋር አምስት ሰዓት ይሆናል። ምሳ፣ እረፍት፣ ሽንት፣ ፎቶና «ይቺን አበባ እዩአት» ሲጨመር ስድስት ሰዓት ተኩል ያልፋል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ 8 ሰዓት አካባቢ ትመለሳላችሁ። 4 ሰዓት ላይ የተነሳ ቤተሰብ ግን 11 ሰዓት ላይም ገና መንገድ ላይ ነው። 12 ሰዓት ሲሆን ይጨልማል። በእኛ አገር ፀሐይ ከገባች በኋላ ጨለማው ቶሎ ነው የሚወርደው።

አስጎብኚ የግድ ነው?

ልጅ ይዛችሁ ከሆነ እኔ የግድ ነው እላለሁ። የመግቢያ ክፍያውንና የሚመደበውን ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) በተመለከተ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ አነጋግሩ። የአካባቢው ሰው የትኛው መንገድ ገደል አፋፍ ላይ እንደሚያወጣ፣ ጉም መቼ እንደሚወርድ ያውቃል። ክፍያውም እዚያው ለሚኖር ቤተሰብ ይደርሳል። ምሳ ስትይዙም የእሱን ድርሻ ቆጥራችሁ ያዙ።

ምን እንልበስ? ጫማስ?

በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ብርዱ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይጨምራል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። የፓርኩ አናት ደግሞ ከ3,500 ሜትር ያልፋል። ኮምቦልቻ በቲሸርት የሚዋልበት ቀን እዚያ ላይ ከ10 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ነፋሱን ሳንቆጥር ነው ይህ።

አንድ ወፍራም ካፖርት ከመያዝ ሦስት ስስ ልብስ መደራረብ ይሻላል። ዳገት ላይ ይወልቃል፣ ሲያርፉ ይለበሳል። አዲስ መግዛት የለባችሁም። ሰልባጅ ተራ በትዕግሥት የፈለገ ሰው ለልጅ የሚሆን ጥሩ የንፋስ ጃኬት አያጣም። ባርኔጣም አትርሱ። ከፍታ ላይ ፀሐዩ ሳይሞቃችሁ ነው የሚያቃጥላችሁ። የልጆች አፍንጫና ከንፈር ማታ ላይ ይላጣል። ቫዝሊን ያዙ።

ጫማ የተለመደ ይሁን። ለጉዞው ተብሎ የተገዛ አዲስ ጫማ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተረከዝ ላይ ውሃ ያስቋጥራል። ሶሉ ያላለቀ፣ ልጁ ትምህርት ቤት የሚሮጥበት የስፖርት ጫማ በቂ ነው። ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ግን የሁሉንም ማሰሪያ አጥብቃችሁ እሰሩ። ጣቶች ወደፊት እየተገፉ ጥፍር የሚጠቁረው ሲወርዱ ነው። የእግር ጥፍርም በዋዜማው ይቆረጥ።

ምን እንብላ? ውሃስ ስንት ይበቃል?

ለመንገድ ስንቅ እኛን የሚያህል የለም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድፎ ዳቦ። ይህ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ለመንገደኛ የተሠራ ምግብ ነው። አይበላሽም፣ አይከብድም፣ ጉልበት ይሰጣል። ብስኩትና ጣፋጭ ልጁን ለአንድ ሰዓት ያነቃውና መልሶ ይጥለዋል። በኪሱ ቆሎ አድርጉለትና እየቆረጠመ ይሂድ። ለጎልማሳ ሁለት ሊትር፣ ለልጅ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ያዙ። የምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም ከላይ ከብት አለ፣ ሳይፈላ አይጠጣ።

ከጎረቤት ጋር በጋራ ለምትሄዱ ደግሞ፦ እንደ ወሎ ወጋችን ከመካከላችሁ ሙስሊምም ክርስቲያንም ይኖራል። ሥጋ ተዉትና ሁሉም አብሮ የሚቆርሰውን ያዙ። ረቡዕና ዓርብም ቢሆን አያስቸግርም። የምሳ እረፍቱን ከዙህር ሰላት ጋር አግጥሙት። እኛ ስንሄድ ጎረቤታችን ሲሰግድ ልጆቹ ዝም ብለው ሣሩ ላይ ተኝተው ደመና ሲያዩ ነበር። የቀኑ ጥሩ እረፍት ያ ነበር።

እዚያ ላይ ቡና ማፍላት ይቻላል?

እሳት አታንድዱ። ሀሳቡ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ፣ እኔም ጀበና ይዤ ልሄድ ነበር። ግን ደጋው ላይ ያለው አስታ የሚባል ቁጥቋጦ ሲደርቅ በቀላሉ ይያዛል። ጓሳ የሚባለው ረጅም ሣርም እንደዚያው። ነፋስ ካገኘ ማንም አያቆመውም። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ከውጭ አገር ባለሙያና ሄሊኮፕተር እስከ ማምጣት ተደርሷል።

ጠዋት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙት። ቄጠማው ቢቀር ጓሳ አለ፣ ፈንዲሻውን ከቤት ይዛችሁ ኑ። አንድ ነገር ደግሞ፦ በ3,500 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ቢፈላም እንደ ቤት አይሆንም።

ሽንት ቤት አለ?

መንገዱ ላይ አትጠብቁ። ከምንጭና ከወንዝ ቢያንስ 60 ሜትር ርቃችሁ፣ አንድ ስንዝር ያህል ጉድጓድ ምሳችሁ፣ መልሳችሁ ድፈኑ። ሶፍትና ዳይፐር በፌስታል ተጠቅልሎ አብሯችሁ ይመለስ። ሴቶች ልጆች ይህን ቀድመው ሊያውቁት ይገባል። ካፈሩ ውሃ አልጠጣም ይላሉ፣ ያ ደግሞ ያሳምማቸዋል። አንዷ ነጠላ ትያዝ፣ መጋረጃ ይሆናል።

ጭላዳ ዝንጀሮ ልጆችን ይተናኮላል?

ካልተነካ አይነካም። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። የሚኖረውም ሣር በልቶ ነው። ተቀምጦ በሁለት እጁ ቶሎ ቶሎ እየነጨ ወደ አፉ ይልካል። ዝም ካላችሁ ሣሩ ሲበጠስ ቅጭ ቅጭ ሲል ትሰማላችሁ። ልጄ «አባዬ፣ እንደ በግ ነው የሚበላው» አለችኝ።

ሌሊቱን ገደል ላይ ተለጥፎ አድሮ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። ስለዚህ ጠዋት ገደል አፋፍ አካባቢ ታገኙታላችሁ። እኔ የምፈራው ጭላዳውን አይደለም፣ አፋፉን ነው። ልጆች መንጋውን ሲያዩ ይሮጣሉ። ገና ከሩቅ እንዳያችሁ የትንንሾቹን እጅ ያዙ። ዳቦ አትወርውሩለት። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ ቀጥሎ የሚመጣውን ልጅ ቦርሳ ይቀማል።

ቀይ ቀበሮ እናያለን? ውሻችንንስ ይዘን መሄድ እንችላለን?

ማየቱ ዕድል ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ። ሁሉም ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፣ ጥቂቶቹ ደግሞ እዚሁ እኛ ዞን። የሚያድነው ቀን ነው፣ የሚበላውም አይጥ። በመንጋ ቢኖርም አደን የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ለብቻው ነው። ጓሳው መሃል ቀጠን ያለ ቀይ ነገር ጆሮውን አቁሞ ከቆመ፣ ቁሙ። አትጥሩት፣ አትከተሉት።

ውሻችሁ ግን እቤት ይቅር። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምለው። ቀይ ቀበሮን ከምንም በላይ የሚፈጁት ከውሻ የሚተላለፉ በሽታዎች ናቸው፤ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ። በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። የእናንተ ውሻ ደህና ቢመስልም ያንን መንጋ በአንድ ቀን ልታሳጡን ትችላላችሁ።

የእረኛ ውሻ ከመጣባችሁ አትሩጡ። ልጆቹን መሃል አድርጋችሁ ቁሙና ባለቤቱን ተጣሩ። ከነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። ክትባቱ ነገ ይደርሳል አይባልም።

ጉም ቢወርድ ወይም ልጅ ቢጠፋስ?

ለእያንዳንዱ ልጅ ፊሽካ በአንገቱ አንጠልጥሉለት። ዋጋው ትንሽ ነው። ከቤት ሳትወጡ አስተምሩት፦ «ካላየኸን ባለህበት ቁም፣ ሦስት ጊዜ ንፋ፣ ጠብቅ»። ልጅ የሚጠፋው ሲፈልገን ነው። ጉም ሲወርድ ሁሉም እጅ ለእጅ ይያያዝ። ስልክ ኔትወርክ ላይኖረው ይችላል፣ ባትሪውን ቆጥቡ።

ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ሸንተረሩን ልቀቁ። መብረቁን አይታችሁ ድምፁን እስክትሰሙ ቁጠሩ። 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከሰማችሁት ቅርብ ነው። ለብቻው ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ ዝቅ ወዳለው ቦታ ውረዱ።

ከፍታው ልጆችን ያማል? የኮምቦልቻና የደሴ ልጅ ልዩነት አለው?

አለው። የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር በላይ ሊጀምር ይችላል። የደሴ ልጅ ተወልዶ ያደገው እዚያ ከፍታ ላይ ስለሆነ በተወሰነ ደረጃ ለምዶታል። የኮምቦልቻ ልጅ ከፓርኩ አናት ጋር ያለው ልዩነት ከ1,600 ሜትር ይበልጣል። ከኮምቦልቻ የምትነሱ ከቻላችሁ አንድ ሌሊት ደሴ ዘመድ ቤት እደሩ።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ምግብ መጥላት ነው። ትንሽ ልጅ «ራሴን አመመኝ» ላይል ይችላል። ዝም ይላል፣ ይነጫነጫል፣ የሚወደውን ምግብ እንቢ ይላል። ያኔ ማረፍና ውሃ መስጠት ነው። ካልተሻለው መውረድ። እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ወይም ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ደግሞ ጥያቄ የለውም፣ በዚያው ደቂቃ ወደ ታች ነው፣ ከዚያም ወደ ሐኪም። ማስታገሻ ሰጥቶ ወደ ላይ መቀጠል አደጋ አለው።

ይህን ሁሉ ለፍተን ጫፉ ላይ ሳንደርስ ብንመለስ ልጆቹ አይከፉም?

ከመነሳታችሁ በፊት የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ፣ ለልጆቹም ንገሯቸው። የእኛ 6 ሰዓት ነበር። «6 ሰዓት ላይ የትም እንሁን የት እንዞራለን» ብለን ነው የወጣነው። እንዲህ ሲሆን ማንም አልከለከላቸውም፣ ሰዓቱ ነው የደረሰው።

እኛም ሳንደርስ ነው የተመለስነው፤ ያውም ሰዓቱ ሳይሞላ። የወንድሜ ልጅ 9 ዓመቱ ነው፣ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ኳስ ይዞ ማንም አይደርስበትም። ጅብራዎቹ (ረጃጅሞቹ የደጋ ተክሎች) ጋ ስንደርስ ቁጭ አለ። ዳቦ ቆሎ ሰጠሁት፣ በእጁ ጨብጦ ዝም አለ። ግንባሩን ሲይዝ አባቱ አየው። አናቱ ከፊታችን ይታይ ነበር፣ ቢበዛ 40 ደቂቃ። ትልቁ ልጄ «እኛ ቶሎ ደርሰን እንምጣ» አለ። እውነት ለመናገር እኔም ልቤ ፈልጎ ነበር። ባለቤቴ አየችኝና ቦርሳዋን አነሳች።

ሁላችንም አብረን ወረድን። 300 ሜትር ያህል ዝቅ እንዳልን ልጁ «ርቦኛል» አለ። ዳቦ ቆሎው አሁንም እጁ ውስጥ ነበር፣ ከላብ ጋር ተጣብቋል። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ በላው። ልክ ያኔ ትንሿ ልጄ ክንዴን ጎተት አደረገችና ወደ ጓሳው ጠቆመች። ቀይ ቀበሮ ነበር። አንገቱን ዘንበል አድርጎ መሬቱን ያዳምጣል። ማንም አልተነፈሰም። ዘሎ አይጡን ያዘና ወደ አስታው ገባ።